ጠጅ ቀምሰው የማያውቁ ዳኞች የፈረዱበት የጅማ ምሳ

ዓርብ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፤ አየር ጤና

ምሳ ለመብላት ሦስት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ወይ እብድ ነው፣ ወይ ጋዜጣ ላይ ይጽፋል። ባለቤቴ «አንተ ሁለቱንም ነህ» ብላ በጨለማ ሸኘችኝና በሩን ከኋላዬ ሁለት ጊዜ ቆለፈችው። ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሰው ይጭናል ተብሎ በሩ ላይ ተጽፏል። እኔ ሃያ ሰባት ድረስ ቆጥሬ ተውኩት፤ ዶሮዎቹን ሳልጨምር።

የጠራኝ ሰሎሞን ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለን በተደራራቢ አልጋ እሱ ከላይ እኔ ከታች ሆነን አራት ዓመት ተኝተናል። ከባንክ ሥራው ለቆ ወደ ትውልድ ከተማው ጅማ ከተመለሰ ወዲህ በእናቱ ግቢ ውስጥ ምግብ ቤት ከፍቷል። ከጓሮው ባለው መጋዘን ደግሞ ማር ጥሎ ወይን ይሠራል። በስልክ «ጠጅ ማለትህ ነው?» ስለው ጆሮዬን በሽቦ በኩል ሊነክሰው ደረሰ።

«የማር ወይን! የተጣራ፣ የታሸገ፣ ቡሽ የገባለት! ጠጅ የምትል ከሆነ አትምጣ!»

ነገ ቅዳሜ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለሰው የሚቀርቡበት ቀን ነው። ባለ አምስት ዙር ምሳ አዘጋጅቷል፤ ለአራቱ ዙር አራት ዓይነት አዲስ ወይን፣ ለአምስተኛው ቡና። ከተጋበዝነው አሥራ ሁለት ሰዎች መካከል እኔ ለማሟያ ነኝ። ዋናዋ እንግዳ ወይዘሮ ሂሩት ናቸው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለጥቂት ሆቴሎች መጠጥ የሚመርጡ ሴት። «እሳቸው እሺ ካሉ ገበያ አገኘሁ። እምቢ ካሉ ለሠርግህ ትጠጣዋለህ» አለኝ ሰሎሞን። ካገባሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

3 ሰዓት፤ ወልቂጤ

ቁርስ። ዓርብ ጾም ነው። በክትፎ አገር ቁጭ ብዬ፣ ግራና ቀኜ የተነጠረ ቅቤ እየሸተተኝ፣ ያለ እንቁላል ፉል በላሁ። ከዚህ የበለጠ ሰማዕትነት ካለ ይነገረኝ።

ከወልቂጤ በኋላ መሬቱ ይከዳሃል። የጊቤ ቁልቁለት ነው። መንገዱ እንደ ወደቀ መቀነት ተጠማዝዞ ታች ወደ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ጆሮዬ ሦስት ጊዜ ተደፍኖ ሁለት ጊዜ ብቻ ተከፈተ።

«ፍሬኑ ደህና ነው?» አልኩት ሾፌሩን፣ ሽበታም ሰውዬ።

«እስካሁን ደህና ነው።»

«ከአሁን በኋላስ?»

«አብረን እናያለን» አለኝና ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ድልድዩን ተሻግረን፣ የአበልቲን ዳገት አቃስተን ወጥተን፣ ከሰኮሩ ወዲያ አረንጓዴው ይጀምራል። አረንጓዴ ስል ሌላ ቦታ ያያችሁትን እንዳታስቡ። እዚህ አጥር ሆኖ የተተከለው እንጨት ራሱ ያብባል። ሰርቦ ላይ ሻይ ለመጠጣት ስንቆም ምርኩዜን መሬት ላይ ብተክለው ኖሮ ስመለስ ቡና ለቅሜበት እሄድ ነበር፤ ምርኩዝ ስለሌለኝ ቀረ። መንገድ ዳር ሴቶች የሕፃን ጭንቅላት የሚያህል አቮካዶ ከምረው ይሸጣሉ። አንዱን ገዝቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ ሒሳብ ሰብሳቢው የትራንስፖርት ሊጠይቀው ምንም አልቀረው።

8 ሰዓት፤ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ

ባጃጁ በር ላይ ሲያወርደኝ ከግቢው ውስጥ ጭቅጭቅ ይሰማል። ሰሎሞን እቅፍ አድርጎ ሳመኝና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ብርጭቆ እጄ ላይ ሰካ። ጠርሙሱ ላይ በወርቃማ ፊደል «የቡና አበባ» ተብሎ ታትሟል። በጾም ቀን አልኮል ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ከራሴ ጋር እየተከራከርኩ ጨለጥኩት። መራራ ነው። ደስ የሚል መራራ፣ ግን መራራ።

«ቡናው ተሰማህ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አዋቂ መምሰል ለኛ ሙያ ግማሽ ደሞዝ ነው። «ተሰማኝ!» አልኩ። «ምን ቡናው ብቻ፤ የለቃሚዋ እጅ ሳይቀር ተሰማኝ።»

«እኔ ምን አልኩ! ቡና መራራ አይደል? የቡና አበባ ማርም መራራ ይሆናል!» ብሎ ወደ ማድ ቤቱ ዞረ። «ሰማሽ ታደለች?»

በማድ ቤቱ በር ላይ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ቆማለች። ታደለች የቤቱ ምግብ አብሳይ ናት። ከዳውሮ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ መጥታ ዕቃ በማጠብ ጀምራ፣ አሁን ምድጃው የእሷ ነው። ጴንጤ ናት፤ አልኮል በአፏ ዞሮ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ይሄ የቡና አበባ አይደለም» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ግራዋ ነው። ግራዋ ብለው የጻፉበት ደግሞ የቡና አበባ ነው። ነገ ከሚቀርበው ዓሣ ጋር ይሄ አይሄድም።»

«ቀምሰሽው ነው?»

«አልቀመስኩም። አልቀምስምም።»

«ታዲያ ሁለት ዓመት የለፋሁበትን ወይን በምን አወቅሽው?» ሰሎሞን የታተመውን የምግብ ዝርዝር አውለበለበ። «ታደለች፣ ነገ ከዚህ ወረቀት አንዲት ነገር ብታዛንፊ፣ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ አብሳይ እፈልጋለሁ። አለቀ!»

እሱ ሲሄድ ወደ ማድ ቤቱ ገባሁ። አንገቷን ደፍታ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የነገሩ አልለየሁም።

«በምን አወቅሽ ግን?» አልኳት።

ትንሽ የብረት መጥበሻ እሳት ላይ ጣደች። ሲግል ከጠርሙሱ አራት ጠብታ አንጠባጠበችበት። ቺስ አለ። የመጀመሪያው እንፋሎት ሲነሣ ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፤ «ይሄ አልኮሉ ነው፣ ይሂድ» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ብረቱ ላይ የቀረውን አሸተተች። «አሁን ማሩ ብቻ ቀረ። ይኸው፣ ያሽትቱ።»

አሸተትኩ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከዚያ ሌላ ምንም አልሸተተኝም።

«እኛ ጓሮ ግራዋ ነበር። እናቴ የጠላ ጋኗን በሱ ታጥብ ነበር፣ ጌታን ሳታውቅ በፊት» አለች። «ይሄን ሽታ ሞቼም አልረሳውም። ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ብወጣ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አውጥቼ ነው የምሄደው። ግን ዓሣውን ከዚህ ጋር አቅርቤ ሰው ፊቱን ሲያጨማድድ ደግሞ እንዴት ልይ?»

እኔ ቀልደኛው ሰውዬ አቮካዶዬን ሰጥቻት ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፤ ወደ ሸቤ

ሰሎሞን ማሩን የሚያመጡለትን ሽማግሌ ለምሳው ጋብዟቸዋል፤ ሄጄ እንዳመጣቸው ተላክሁ። ሾፌሬ ነስሩ የጅማ ልጅ ነው፤ ሦስት ቃል ኦሮምኛ፣ ሁለት ቃል አማርኛ፣ አንድ ጥሩምባ እያለ ይነዳል። ኪቶ ፉርዲሳን አልፈን፣ የዩኒቨርሲቲው አጥር ከኋላችን ሲቀር፣ ጫካው መንገዱን ከሁለት ወገን ያቅፈዋል። ጉም ዛፎቹ ላይ ተሰቅሏል። ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቡናው፣ ከቅርንጫፎቹ ላይ ደግሞ እንደ ተኛ ሰው ረዘም ረዘም ያሉ ቀፎዎች።

«እዚያ ላይ ማን ይወጣል?» አልኩ።

«አባ ዚናብ ናቸዋ። ወላሂ ፋዘር፣ ሰባ አልፏቸዋል፤ ዝንጀሮ ራሱ ሲያያቸው ይወርዳል።»

ማጋነን ላይ ተፎካካሪ ሲመጣብኝ አልወድም፤ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አባ ዚናብ ሸቤ መግቢያ ላይ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ከብረት ዘንግ የቀጠኑ፣ ከብረት ዘንግ የጠነከሩ ሆነው ቆመው ጠበቁን። «አካም ቡልቴ፣ ኢልማ ኮ!» ብለው፣ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው፣ እንደ ልጃቸው ጨበጡኝ፤ ጣቶቼን ቆጠርኩ፣ ሁሉም አሉ።

መንገድ ላይ ተንኮሌ ተነሣ። «አባ ዚናብ፣ ማርዎ መጠጥ ሲሆን አይቆጭዎትም?»

ሳቁ። «እኔ የሸጥኩት ማር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱና አላህ ይነጋገሩበት። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለዓሣው ነው።»

6 ሰዓት ተኩል፤ ምሳ

ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ አሥራ ሁለት ወንበር። አባ ዚናብ ወይን ካለበት ማዕድ አይቀርቡም፤ ለእሳቸውና ለነስሩ በግቢው ካለው የአቮካዶ ዛፍ ሥር ሌላ ጠረጴዛ ተዘረጋላቸው፣ አልኮል ያልነካው ብርዝ በማንቆርቆሪያ ተቀመጠላቸው። ወይዘሮ ሂሩት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አሳርፈው ከመሐል ተቀመጡ። ትንሽ ይናገራሉ፣ ብዙ ያያሉ። 11 ሰዓት ላይ አውሮፕላን አላቸው።

አንደኛ ዙር፦ የተጠበሰ ጎደሬ ከአይብ ጋር፤ ወይኑ የጌተሜ ማር። ጌተሜ ማሩ እንደ ቅቤ የሚነጣ የጫካ ዛፍ ነው። ወይኑም ነጣ ያለ፣ ቀላል፣ ጉሮሮ ላይ ሳያርፍ የሚያልፍ። ወይዘሮ ሂሩት አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰሎሞን ከወንበሩ አንድ ክንድ ከፍ አለ።

ሁለተኛ ዙር፦ ከግልገል ጊቤ ሐይቅ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ፣ በሎሚና በበሶብላ የተጠበሰ። ወይኑ «የቡና አበባ»። ሰሎሞን ተነሥቶ ስለ ቡና አገርነት ተናገረ፣ ሁላችንም አጨበጨብን፣ ዓሣውን ጎረስን፣ ወይኑን አስከተልን።

ያልታደለው ዓሣ! ምሬቱ አንቆ ገደለው፤ ለሁለተኛ ጊዜ መሞቱ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ዶክተር ክኒን እንደ ዋጠ ሰው ውኃ ፈለጉ። ወይዘሮ ሂሩት ብርጭቋቸውን በሁለት ጣት ገፋ አድርገው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዛፉ ሥር ግን አባ ዚናብ ዓሣውን በብርዝ እያወራረዱ «ማሻአላህ» ይላሉ።

የማድ ቤቱ በር ተከፈተ። ታደለች ራሷ ትሪ ይዛ ወጣች። ወረቀቱ ላይ ሦስተኛው ዙር የአትክልት አልጫ ነው። ትሪው ላይ ያለው ግን አራተኛው ነው፤ ስቡ ገና የሚንጫጫ የጎድን ጥብስ፣ ከተጠበሰ ቆጮ ጋር። የሰሎሞን ፊት መልኩን ለወጠ።

«ታደለች!»

ትሪውን ከጠረጴዛው መሐል አስቀመጠች። «ይቅርታ ጋሼ» አለችና ወደ እንግዶቹ ዞረች። «ብርጭቋችሁን አትቀይሩ። ያንኑ ወይን ከዚህ ጋር ሞክሩት። ካልተስማማችሁ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰኞ አልመጣም።»

ጎረስኩ። ጠጣሁ።

እዚህ ላይ፣ ውድ አንባቢ፣ ለሃያ ዓመት ያጠራቀምኩትን ማጋነን ሁሉ ልጠቀም ፈልጌ አጣሁት። ያ ምሬት ከስቡ ጋር ሲገናኝ ተገራ። ስቡን ጠረገው፣ በርበሬውን አስተኛው፣ ከዚያ ከሁሉም በኋላ ማሩ ቀስ ብሎ ተመልሶ መጣ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ዶክተሩ አጥንቱን ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ወይዘሮ ሂሩት መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ ጠርሙሱን እያገላበጡ።

«የቡና...» አለ ሰሎሞን።

«ግራዋ ነው» አለች ታደለች። ቀጥላም ግራዋ ተብሎ የታተመበትን ጠርሙስ ከፍታ ለሁሉም ቀዳችና ከማድ ቤት ሌላ ዓሣ አመጣች፤ ግማሹን ደብቃ አስቀምጣው ኖሯል። ይሄኛው ወይን አበባ አበባ ይላል፤ ከዓሣው ጋር ሲገባ ሁለቱ አብረው ያደጉ ይመስላሉ። ዶክተሩም በዚህኛው ውኃ አልፈለጉም።

ሰሎሞን ግራ ገብቶት ወደ ዛፉ ሥር ሄደ፤ እኔም ወሬ እንዳያመልጠኝ ተከተልኩ።

«አባ ዚናብ፣ የላኩልኝን ማር አቀያይረውብኝ ነው?»

«እኔ?» ሽማግሌው እጃቸውን ጠረጉ። «በየባልዲው ክዳን ሥር ቅጠሉን አንጥፌልህ የለ! ማሩ የመጣበትን ዛፍ ቅጠል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።»

ሰሎሞን አፉን ከፈተ። «ቅጠሉ... ለጉንዳን መከላከያ አልነበረም?»

«ለጉንዳን! ያ ረቢ! የት አደረግኸው?»

«ለፍየሏ ሰጠኋት።»

የነስሩ ብርዝ በአፍንጫው ወጣ። ሰሎሞን ቅጠሎቹን ለፍየል አብልቶ፣ መራራውን ሲያገኝ «ቡና መራራ ነው» ብሎ ራሱን አሳምኖ፣ ሌላውን ደግሞ ግራዋ ብሎ ነው ያሳተመው። በጅማ ምድር ተወልዶ፣ ቡና እየጠጣ አድጎ፣ የቡናን አበባ በቡናው መጠርጠር! እኔም ያው ዓይኔን ጨፍኜ ስመሰክርለት ነበር፤ ስለዚህ ብዙ አልሳቅኩም።

9 ሰዓት፤ መጋዘኑ

ወይዘሮ ሂሩት አራተኛውን ዙር፣ ጠቆር ያለውን የብሳና ዛፍ ማር ወይን ከአልጫው ጋር፣ በደስታ ጨርሰው፣ ቡናቸውን ፉት ብለው ተነሡ። «ወይኑ ጥሩ ነው» አሉ ሰሎሞንን። «ግን ስሙን የሚዋሽ ጠርሙስ ሆቴል ውስጥ አላስገባም። መጋዘን ውስጥ ያለው ስንቱ ልክ ነው?»

ሰሎሞን መሬት መሬቱን አየ። መጋዘኑ ውስጥ ጠርሙሶቹ በየተጠመቁበት በርሜል ስምንት ቦታ ተከምረዋል። የትኛው ምን እንደሆነ ከእንግዲህ የምታውቀው ፍየሏ ብቻ ናት።

«ታደለች» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የትናንቱ አልነበረም። «ታውቂዋለሽ?»

«ልሞክር» አለች።

ከሰል ተቀጣጠለ፣ መጥበሻው ተጣደ። አባ ዚናብ ከመጋዘኑ ደጃፍ ውጭ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ውስጥ አይገቡም፣ ግን በየወሩ የቆረጡትን ማር በቃላቸው ይዘዋል። እኔ ከጠጪ ወገን ምስክር ሆኜ ተሾምኩ። ታደለች ጠብታውን ብረቱ ላይ ታንጠባጥባለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ ጎንበስ ብላ ታሸታለች።

«ጌተሜ።»

«ሁለት ባልዲ ጌተሜ ነበር» ይላሉ አባ ዚናብ ከውጭ። እኔ እቀምሳለሁ፤ ጌተሜ ነው። ሰሎሞን እንደ ተማሪ በማርከር ይጽፋል።

«ግራዋ። ... ብሳና። ... ይሄ ደግሞ ብሳና ሆኖ ትንሽ ጭስ ገብቶበታል።»

«እውነቷን ነው! ቀፎው ሊቃጠልብኝ ነበር!» ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡ። «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ! ይቺ ልጅ ዛፉ ላይ አብራኝ ነበረች እንዴ?»

ብዙ አዋቂ ነኝ ባይ አይቻለሁ፤ ብርጭቆ የሚያሽከረክር፣ በአፉ የሚንቆረቆር፣ ቃል የሚደረድር። ራሴም አንዱ ነኝ። ጠጥተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ከውስጥ በአፍንጫዋ፣ አንዱ ከውጭ በትዝታቸው፣ አንድን መጋዘን ወይን ከዛፉ ድረስ ተከትለው በስሙ ሲጠሩት ግን አላየሁም።

ስምንተኛው ክምር ላይ ታደለች ቆመች። አንጠባጠበች፤ አሸተተች። ደገመች። ብረቱን ጠርጋ ሦስተኛ ሞከረች።

«ይሄን አላውቀውም» አለች።

«እንዴት?» አለ ሰሎሞን። ወይዘሮ ሂሩት ሰዓታቸውን ያያሉ፤ መኪናቸው በር ላይ ቆሟል። «ወይ ጌተሜ ነው ወይ ቡና ነው በይ። ትንሽ ነገር ነው የቀረን!»

«አይደለም። ሁለቱንም አይደለም።»

«ታደለች፣ እባክሽ!» ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ፤ እኔ ግን ሰማሁ። «ሰባቱን አግኝተሽ በአንዱ ታበላሺብኛለሽ? የቡና አበባ ልበለው፤ ማን ያውቃል?»

ማርከሩን ከእጁ ተቀበለችውና ክዳኑን ዘግታ ከሰሉ አጠገብ አስቀመጠችው። «በማላውቀው ላይ ስም አልጽፍም ጋሼ። ከሥራ ቢያስወጡኝም አልጽፍም።»

ያኔ ከደጃፉ የሽማግሌው ድምፅ መጣ፣ ዝግ ብሎ።

«ልክ ናት። አንዱን ባልዲ ያለ ቅጠል ነው የላክሁት። ከአዲስ ቀፎ ነበር፣ ሩቅ ገደል ላይ የሰቀልኩት። ንቦቹ የት እንደዋሉ እኔም አላወቅኩም።»

ወይዘሮ ሂሩት ቦርሳቸውን አነሡ። «ስም የተጻፈበትን ሁሉ እወስዳለሁ» አሉ።

ሰሎሞን ማመን አቃተው። «ሰባቱን? በአንድ ከሰዓት በኋላ ማሽተት ብቻ አመኗት?»

«በስምንተኛው ነው ያመንኳት» አሉና ታደለችን ጨብጠዋት ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ሰሎሞን ማርከሩን ከከሰሉ አጠገብ አንሥቶ ለታደለች ሰጣት። «ሰኞ አዲስ ማር ይመጣል» አላት። «ቀድመሽ አንቺ ታሸቺዋለሽ። ከዚያ ነው ለወይን የምጥለው። የምግቡን ወረቀትም አንቺ ነሽ የምትወስኚው።»

«ገና ማር እያለ፣ መጠጥ ሳይሆን ማሽተቱ ይሻላል» አለች። «ጌታ ይመስገን።» ከዚያ መጥበሻዋን አንሥታ ልታጥበው ሄደች፤ እንባዋን ያኔ አየሁት፣ ሽንኩርትም በአካባቢው አልነበረም።

እሑድ ማታ፤ ቤት

በመልሱ ጉዞ ስለ ጊቤ ዳገት የምነግራችሁ የለኝም፤ ጭኔ ላይ ጠርሙስ ታቅፌ፣ ሰው እንዳይነካብኝ ስጠብቅ መጣሁ። ከስምንተኛው ክምር ለምኜ የወሰድኩት ነው። ምንም አልተጻፈበትም።

ባለቤቴ ከፍታ ቀዳችልን። ብርጭቆውን መብራት ላይ አየችው፣ ቀመሰች፣ ቆም አለች፣ እንደገና ቀመሰች።

«እንዴት ይጥማል! ምንድን ነው?»

«አላውቅም» አልኳት።

ብርጭቆዋን አስቀመጠችና ትኩሳት እንዳለኝ ልታይ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ይህን ቃል ከአፌ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።